እንግሊዝ አገር አቅማችሁን ሳያጣራ ካበደራችሁ ድርጅት ወለዱን እንዴት ማስመለስ ይቻላል?

ብድር መክፈል ሲያቅተው ጥፋቱ ሁሉ የራሱ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ያፍራል፣ ዝም ይላል፣ ያንን ለመዝጋት ሌላ ይበደራል። የእንግሊዝ ደንብ ግን እንደዚያ አይልም። አበዳሪው ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት፣ ኪራይና አስቤዛ ሳይጎድልባችሁ መክፈል እንደምትችሉ የማጣራት ግዴታ አለበት። ካላጣራ የከፈላችሁትን ወለድና ቅጣት እንዲመልስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጠበቃ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ማስረጃ ሰብስቡ። ብድሩን ከመውሰዳችሁ በፊት የነበሩትን ጥቂት ወራት የባንክ ስቴትመንት አውርዱ። ክሬዲት ሪፖርታችሁን (የብድርና የአከፋፈል ታሪካችሁን የሚያሳየውን መዝገብ) ከኤክስፒሪያን፣ ከኢኩፋክስ ወይም ከትራንስዩኒየን በነጻ አውጡ። አበዳሪውንም "ስለ እኔ የያዛችሁትን መረጃ በሙሉ ስጡኝ" በሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት።

ከዚያ ስቴትመንቱን ቁጭ ብላችሁ እዩት። ደሞዝ በገባ ማግስት ወደ ሌላ አበዳሪ የወጣ ገንዘብ አለ? ሂሳቡ ኦቨርድራፍት ውስጥ (ከዜሮ በታች) ከርሟል? ከሁሉ የሚጠነክረው አንዱ ብድር በተዘጋ በሳምንቱ ከዚያው ድርጅት የተወሰደ ሌላ ብድር ነው፤ ችግራችሁን እያየ ነበር የሚያበድራችሁ ማለት ነዋ።

ፔይዴይ ሎን (እስከ ደሞዝ ቀን የሚወሰድ አጭርና ውድ ብድር) ከሆነ ሂሳቡንም አስሉት። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ወለዱና ክፍያው በቀን ከ0.8 በመቶ፣ የመዘግየት ቅጣቱ ከ15 ፓውንድ መብለጥ አይችልም። 200 ፓውንድ የተበደረ ሰው ሁሉም ተደምሮ ከ400 በላይ አይከፍልም።

ዋስ የሆናችሁም ይህ ይመለከታችኋል። እኛ ሐበሾች "ፈርምልኝ" ስንባል እምቢ ማለት ይከብደናል፣ በተለይ የአክስት ልጅ ወይም አብሮን የተሰደደ ጓደኛ ሲሆን። አበዳሪው ግን የዋሱንም አቅም ማየት፣ ምን ላይ እንደሚፈርም በግልጽ ማስረዳት ነበረበት። ይህን ካላደረገ ተበዳሪው ቅሬታ አቀረበም አላቀረበም፣ ዋሱ በራሱ ስም ማቅረብ ይችላል።

አሁን ቅሬታውን በኢሜይል ጻፉ። አጭር ይሁን፦ የብድሩ ቁጥርና ቀን፣ ያኔ የነበረው ገቢና ወጪ፣ የምትፈልጉት ነገር። ወለድና ቅጣቱ ይመለስልኝ፣ ክሬዲት ሪፖርቴ ላይ ያለው መጥፎ ምልክት ይነሳልኝ በሉ። ዋናውን ገንዘብ ግን መክፈላችሁ አይቀርም፤ ይህን ሳይነግሯችሁ "ዕዳው በሙሉ ይሰረዛል" የሚሉትንና ከካሳው ላይ ድርሻ የሚወስዱትን ድርጅቶች አትመኑ።

ድርጅቱ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አለው። ትንሽ ገንዘብ አቅርቦ ፋይሉን ሊዘጋ ከሞከረ፣ የከፈላችሁትን ወለድ ደምራችሁ አወዳድሩ እንጂ ቶሎ እሺ አትበሉ። 8 ሳምንቱ ካለፈ ወይም መልሱ ካላረካችሁ በደንበኛና በገንዘብ ድርጅት መካከል ያለ ቅሬታ ወደሚዳኘው ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሂዱ፣ ነጻ ነው። ከድርጅቱ የመጨረሻ መልስ በኋላ ያላችሁ ጊዜ 6 ወር ነው። የቆየ ብድር ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገደቡ 6 ዓመት፣ ወይም ችግሩን ካወቃችሁ 3 ዓመት ነው።

አታዘግዩት። ፔይዴይ ሎን ይሰጥ የነበረው ዎንጋ እ.ኤ.አ. በ2018 ከከሰረ በኋላ ካሳ ይገባቸዋል የተባሉት ደንበኞች ከእያንዳንዱ ፓውንድ የደረሳቸው 4.3 ፔንስ ብቻ ነው።

ቅሬታው እስኪታይ ዕዳው ካስጨነቃችሁ ወደ ዕዳ አማካሪዎቹ ስቴፕቼንጅ ወይም ናሽናል ዴት ላይን ደውሉ፣ በነጻ ያማክራሉ። ኢንግላንድና ዌልስ ያላችሁ ብሪዚንግ ስፔስ (ከአበዳሪዎች ጫና ጊዜያዊ እፎይታ) ይገባኝ እንደሆነ እዩልኝ በሏቸው፤ ከተፈቀደላችሁ አብዛኞቹ አበዳሪዎች ለ60 ቀን ክፈሉ ብለው ሊያሳድዷችሁ አይችሉም።