እምቦጭን በገመድና በጀሪካን ወደ ዳር ማምጣት

አቃቂ ወንዝ ዳር ላሞች ስለማረባ እምቦጭ ለእኔ የጣና ወሬ ብቻ አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገቡበት የአባ ሳሙኤል ግድብ በዚህ አረም ሲሸፈን አይተናል። ከዚያ ያመለጠው በአዋሽ በኩል ወደ ቆቃ ግድብ ይወርዳል። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበውም እ.ኤ.አ. በ1965 እዚያው ቆቃና አዋሽ ላይ ነው።

አረሙን ለመያዝ ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ማገጃ ይዘረጋል። ማገጃ ሲባል ግን ብዙ ሰው ወንዙን ቀጥ አድርጎ መዝጋት ይመስለዋል። እንደዚያ ከሠራችሁት አረሙ መሐል ላይ ይከመርና ገመዱን ይበጥሰዋል። የማገጃው ሥራ አረሙን እጃችሁ ወደሚደርስበት ዳር መግፋት ነው። ስለዚህ ሰያፍ አድርጋችሁ ዘርጉት። የማዶው ጫፍ ውኃው ከሚመጣበት ከላይ በኩል፣ እናንተ የምትሠሩበት ጫፍ ውኃው ወደሚሄድበት ዝቅ ብሎ ከታች በኩል ይታሰር። ውኃው ራሱ አረሙን እያንሸራተተ ያመጣላችኋል። ቦታው ውኃው ረጋ የሚልበት፣ ዳሩ ሜዳ የሆነ፣ ሰውና ከብት የማይሻገርበት ይሁን። ወረዳውንና ከታች ውኃ የሚስቡትን ገበሬዎች ሳታናግሩ አትጀምሩ።

ዕቃው ቀላል ነው። አውራ ጣት የሚያክል የናይለን ገመድ፣ ክዳናቸው የጠበቀ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች፣ መረብና ድንጋይ። ጀሪካኖቹን አንድ አንድ እርምጃ እያራራቃችሁ በእጀታቸው ገመዱ ላይ እሰሩ። ከሥራቸው ግማሽ ሜትር ያህል መረብ አንጠልጥሉ። መረቡ ከውኃውም በላይ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ አለዚያ አረሙ ከላይ ያልፋል። ታችኛው ጠርዝ ላይ ድንጋይ ካልታሰረበት ውኃው መረቡን ያንሳፍፈዋል። ቀዳዳው መዳፍ የሚያሳልፍ ይሁን። አቃቂ የሚያመጣውን ፌስታልና ፕላስቲክ ታውቁታላችሁ፤ ጠባብ መረብ ወዲያው ይደፈናል። ሾልከው ለሚያልፉት ትናንሾቹ ከታች በኩል ሁለተኛ፣ ጠበብ ያለ መረብ ጨምሩ።

የማዶውን ጫፍ በቀጠን ያለ ገመድ አያይዙት። ደራሽ ቢመጣ መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው፤ ማገጃው ወደ እናንተ ዳር ዞሮ ይተርፋል። የሐምሌና የነሐሴ ውኃ ግን ግንድ ይዞ ስለሚመጣ ሰኔ ሳያልቅ አውጡት።

አረሙን ማውጣቱ ላይ አትዘናጉ። ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፣ የተጠራቀመው እዚያው ይራባል። በመንሽ ከነሥሩ ሳቡት። እናቲቱን ስትስቡ ልጆቿ በአረንጓዴ ሐረግ ተያይዘው ይከተላሉ። ሐረጉ ከተበጠሰ የቀረችው ልጅ ብቻዋን ታድጋለች፤ ስለዚህ ቀስ በሉ፣ በገጀራም አትክተፉት። ሐምራዊ አበባ ያወጣውን አስቀድሙ፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ቦት ጫማና የላስቲክ ጓንት ግድ ነው።

ያወጣችሁትን ደራሽ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ሥሩን ወደ ላይ ገልብጣችሁ በትኑት። ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ ፀሐይ ሲመታው ተኮማትሮ ጥቂት ይቀራል። አደራ የምለው እዚህ ላይ ነው። መኖ ሲወደድ ያንን ሁሉ አረንጓዴ ለላም መስጠት ያጓጓል። እምቦጭ ግን ከውኃው ከባድ ብረቶችን ይመጥጣል፣ አቃቂ ውስጥ ደግሞ ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣ ክሮሚየም አለ። ላሞቼ አፋቸውን እንዲያደርጉበት አልፈቅድም። ለጎመን ማሳ ማዳበሪያም አይሁን። የደረቀውን ከማሳ፣ ከግጦሽና ከውኃ ጉድጓድ ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።