20 ላይ ያረፈ ሁሉ ኒዮን አይደለም፦ ማስ ስፔክትሮሜትርን በክርና በወረቀት ማስተማር

ደሴ ከተማ የማስተምራቸው የፊዚክስ ተማሪዎች አቶሞችን በመጠነ ቁሳቸው ለይቶ የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ማስ ስፔክትሮሜትርን፣ በመጽሐፍ ሥዕል እንጂ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ቢሆንም የመሣሪያውን ዋና ሥራ በአሮጌ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ፣ በክርና በእርሳስ ማሳየት ይቻላል፤ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ይህ እንደሚገባቸው ደጋግሜ አይቻለሁ።

መሠረቱ ይህ ነው። ጋዙ በኤሌክትሮኖች ሲመታ አቶሞቹ ኤሌክትሮን አጥተው አዮን ይሆናሉ፤ አዮኖቹም በቮልቴጅ ተገፍተው የመግነጢስ መስክ ውስጥ ሲገቡ መንገዳቸው ይታጠፋል። የቆቦ ማሽላ ጠባቂ ወንጭፉን ሲያዞር ድንጋዩን ወደ መሃል የሚስበው ገመዱ እንደሆነ ሁሉ፣ አዮኑን ወደ መሃል የሚስበው የመግነጢሱ ኃይል ነው። እኩል ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ይዘው በእኩል ቮልቴጅ ከተገፉት መካከል ከባዱ ሰፋ ያለ ክብ ይሠራል፤ ሬዲየሱም ከመጠነ ቁሱ ስኩዌር ሩት ጋር ያድጋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዕቃ ውስጥ ነው፤ አለዚያ አዮኖቹ ከአየር ሞለኪውሎች ጋር እየተጋጩ መንገዳቸውን ይስታሉ።

ለልምምዱ ኒዮንን ይምረጡ። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1913 እ.ኤ.አ. በፎቶ ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር ያገኘውና በራዲዮአክቲቭነት የማይፈርስ ንጥረ ነገርም አይሶቶፖች (በመጠነ ቁስ ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች) እንዳሉት ያሳየው በዚህ ጋዝ ነው። በ2000 ቮልትና በ0.2 ቴስላ የመግነጢስ መስክ ሲሰላ የኒዮን 20 (መጠነ ቁሱ 20 የሆነው ኒዮን) ሬዲየስ 14.4 ሳንቲ ሜትር፣ የኒዮን 22 ደግሞ 15.1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምረው በግራ ጫፉ የአዮኖቹን መግቢያ ነጥብ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ነጥብ 14.4 ለክተው የመጀመሪያውን ማዕከል፣ 15.1 ለክተው ሁለተኛውን ያግኙ፤ በየማዕከሉ ሚስማር ተክለው በክር ግማሽ ክብ ይሳሉ። የእጅ ፈትል ስለሚለጠጥ የልብስ ስፌት ክር ይሻላል፤ የሬዲየሶቹ ልዩነት 7 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ ትንሽ መለጠጥ ሥዕሉን ያበላሸዋል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱንም ክቦች ከአንድ ማዕከል ስለሚስል አዮኖቹ በሁለት በር የገቡ ይመስላል። በትክክል ሲሳል መነሻቸው አንድ ሆኖ መድረሻቸው 1.4 ሳንቲ ሜትር ይራራቃል፤ ግማሽ ክብ ሙሉውን ዲያሜትር ስለሚያሻግር የሬዲየሱ ልዩነት እጥፍ ሆኗል።

መድረሻው ላይ ያለው ተቀባይ አዮኖቹን ይቆጥራል። ከ100 የኒዮን አቶሞች 90 ያህሉ 20 ላይ፣ 9 ያህሉ 22 ላይ ያርፋሉ፤ 21 ላይ የሚያርፈው ከመቶ አንድ አይሞላም። በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ የሚነበበው 20.18 የእነዚህ አማካይ ነው።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የማሳስበው ግን መሣሪያው የሚለየው መጠነ ቁስን ብቻውን ሳይሆን መጠነ ቁስ ለሙል ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር መሆኑን ነው። አርጎን 40 ሁለት ኤሌክትሮን ካጣ 40 ለ2 ተካፍሎ 20 ላይ፣ ከኒዮን ጋር ይደራረባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ 44 ለ2 ተካፍሎ 22 ላይ ያርፋል። ስለዚህ 20ን ኒዮን ብሎ ከመሰየም በፊት አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ያጣው አርጎን የሚያርፍበትን 40ን፣ 22ን ከመሰየም በፊት እንዲሁ 44ን ማየት ግድ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ለአገራችን ታሪክም ጠቅሟል። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው በዚያን ጊዜ በወሎ ሥር በነበረው ሐዳር ሲሆን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሚሆነው ዕድሜዋ የታወቀው አጽሟ በተገኘበት አካባቢ ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለው አርጎን በዚሁ መሣሪያ ተለክቶ ነው። በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 በከፊል ቀስ እያለ ወደ አርጎን 40 ይለወጣል፤ ነገር ግን የአየሩ አርጎንም በአብዛኛው 40 በመሆኑ ሁለቱ አንድ ቦታ ያርፋሉ። የሚለያቸው አርጎን 36 ነው፤ በአየር ውስጥ ለአንድ አርጎን 36 ወደ 300 የሚጠጋ አርጎን 40 አለ። ለተማሪ የሚሰጥ ምሳሌ ቢያስፈልግ፣ 36 ላይ 10፣ 40 ላይ 5000 አዮን ተቆጠረ ይበሉ፤ 3000 ያህሉ የአየሩ፣ 2000 ያህሉ የአመዱ ነው፤ ዕድሜውም የሚሰላው በዚህ በ2000ው ነው።