ወረዳዎች የጋራ ፈተና ሲያወጡ የሚሠሯቸው ስህተቶች

የጋራ ፈተና፣ ማለትም የወረዳው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚወስዱት አንድ ዓይነት ፈተና፣ ሲባል ብዙ ወረዳዎች የሚያስቡት ከየጉድኝት ማዕከሉ (ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ከሚደራጁበት ቡድን) ጥያቄ ማሰባሰብን ነው። ይህ ግን መጨረሻ የሚመጣ ሥራ ነው።

ትልቁ ስህተት ያለው ከዚያ በፊት ነው፦ ትምህርቱ የት መድረስ እንዳለበት ሳይስማሙ ፈተና ላይ መስማማት። «መርሃ ትምህርቱ አንድ፣ መጽሐፉም አንድ ነው» ይባላል። ታዲያ አንዱ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር አጥቶ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሲቆም ጎረቤቱ አራተኛውን ጨርሷል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሲተገበር መጽሐፉ ራሱ ለሁሉም በእኩል ጊዜ አልደረሰም። ከአራቱም ምዕራፎች የወጣ ፈተና እንግዲህ የሚለካው ተማሪውን ሳይሆን መምህር መኖር አለመኖሩን ነው። መስከረም ላይ ትምህርቱ የት መድረስ እንዳለበት በሳምንት ተከፋፍሎ ይጻፍ፤ ጥር ላይ ሁሉም የደረሰበት ብቻ በጋራ ይፈተን፤ ቀሪውን ትምህርት ቤቱ በተከታታይ ምዘና ይያዘው።

ቢጋር፣ ማለትም ከየትኛው ምዕራፍ ስንትና ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚወጣ የሚያሳይ ዕቅድ፣ ሳያዘጋጁ ጥያቄ መቀበልም አለ። መምህሩ የሚወደውን ምዕራፍ ይዞ ይመጣል፣ ወረቀቱም «… ምን ይባላል?» በሚል የቃል ጥናት ይሞላል።

ቋንቋን መርሳትም ሌላው ከባድ ስህተት ነው። አማራ ክልል ውስጥ በአዊኛ፣ በኽምጣና እና በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ልጆች አሉ። በአማርኛ ተዘጋጅቶ በፈተናው ዋዜማ ሌሊት የተተረጎመ ጥያቄ ሳይንስ ሳይሆን ግምት ይፈትናል። በቋንቋው የሚያስተምር መምህር ከአዘጋጆቹ አንዱ ይሁን፤ ተርጓሚ ሆኖ መጨረሻ ላይ አይጠራ።

እርማቱን ለየትምህርት ቤቱ መተው፦ የጽሑፍ መልስ ላይ አንዱ መምህር ለጋስ፣ ሌላው ቆጣቢ ነው። የነጥብ አሰጣጡን አስቀድሞ መጻፍና ወረቀት መለዋወጥ ይበቃል።

በመጨረሻ፣ ውጤቱን ለደረጃ ማውጫ ማድረግ። ርዕሰ መምህሩ ውጤቱ በስብሰባ ላይ እንደሚነበብበት ካወቀ ፈታኙ ዓይኑን ይጨፍናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ብሔራዊ ፈተናውን በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲወስዱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን በየትምህርት ቤታቸው ፈተና ክፍል እያለፉ የመጡ ናቸው። የጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር ከደረጃ ሰንጠረዥ ይልቅ ብዙዎች የሳቷቸውን ጥያቄዎች ዝርዝር ለመምህራኑ ቢያደርስ የማጠናከሪያ ትምህርቱ ከየት እንደሚጀምር ወዲያው ይታወቃል።