ግሉኮስን ሥሎ መረዳት፦ ለሰመመን ሕክምና ተማሪዎች

ጅማ ላይ የሰመመን ሕክምና የምትማሩ ወጣቶች የካርቦሃይድሬት ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ የስኳሮችን ስም ዝርዝር በቃል ለመያዝ አትቸኩሉ። እኔ የምመክራችሁ ግሉኮስን ብቻ፣ መጽሐፍ ሳታዩ መሣል እስክትችሉ ድረስ፣ ደጋግማችሁ እንድትሥሉት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ካርቦን አራት፣ ኦክስጅን ሁለት፣ ሃይድሮጅን ደግሞ አንድ ቦንድ እንደሚይዙ አስታውሱ፤ ሥዕሉን በጨረሳችሁ ቁጥር ቦንዶቹን ቁጠሩ። ከዚያም ስድስት ካርቦኖችን ከላይ ወደ ታች ደርድራችሁ ቁጥር ስጧቸው። 1ኛው ካርቦን ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ የተያያዘ አልዲሃይድ ነው። ከ2ኛው እስከ 5ኛው ያሉት የሃይድሮክሲል (OH) ቡድናቸውን በተራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ይዘረጋሉ፤ 6ኛው ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ሃይድሮክሲል ይይዛል። ስትደምሩ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን ካላገኛችሁ የተሳሳተ ቦታ አለ ማለት ነው። የ4ኛውን ሃይድሮክሲል ወደ ግራ ብታዞሩት ጋላክቶስ ይሆናል።

ውሃ ውስጥ ግን ግሉኮስ ቀጥ ብሎ የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው። የ5ኛው ካርቦን ኦክስጅን ከ1ኛው ጋር ተገናኝቶ ስድስት ማዕዘን ያለው ቀለበት ይፈጠራል። ኦክስጅኑን በስተኋላ ቀኝ ማዕዘን፣ 1ኛውን ካርቦን በቀኝ ጫፍ አስቀምጣችሁ በሰዓት አቅጣጫ ቁጠሩ፤ በስተቀኝ የነበረው ወደ ታች፣ በስተግራ የነበረው ወደ ላይ ይሄዳል፣ 6ኛው ካርቦንም ከቀለበቱ በላይ ይቆማል። በ1ኛው ካርቦን ላይ አዲስ የሚፈጠረው ሃይድሮክሲል ወደ ታች ከሆነ አልፋ፣ ወደ ላይ ከሆነ ቤታ ይባላል።

እዚህ ላይ ከሙያችሁ ጋር አገናኙት። እንደ ቀለበቱ ኦክስጅን በሁለት ካርቦኖች መካከል የተቀመጠ ኦክስጅን እ.ኤ.አ. በ1846 ቦስተን ላይ ለሰመመን ሲውል በአደባባይ የታየው የኤተር መለያ ሲሆን፣ የሰመመን መድኃኒቶቹ አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬንም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሃሎቴን ግን ኦክስጅን የለውምና ኤተር ብላችሁ አትጥሩት።

አልፋና ቤታ ትንሽ ልዩነት እንዳይመስላችሁ እንሰትን ተመልከቱ። ቡላው በአብዛኛው ስታርች ነው፤ የአንዱ ግሉኮስ 1ኛ ካርቦን ከሌላው 4ኛ ካርቦን ጋር በአልፋ ተያይዟል፣ አንጀታችንም ይፈጨዋል። ከዚያው ተክል ተፍቆ የሚወጣው ቃጫ ደግሞ በዋናነት ሴሉሎስ ነው፤ ግሉኮሱ ያው ሆኖ ትስስሩ ቤታ በመሆኑ ኢንዛይማችን አይቆርጠውም። ሰውነታችን ግሉኮስን የሚያከማችበት ግላይኮጅን እንደ ስታርች አልፋ ነው፣ ነገር ግን በየ8 እስከ 12 ግሉኮስ ከ6ኛው ካርቦን ላይ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ ኢንዛይሞች በብዙ ጫፍ በአንድ ጊዜ ግሉኮስ ይለቁበታል። የአዋቂ ጉበት 100 ግራም ያህል ብቻ ያከማቻል፤ የጨቅላ ክምችት እጅግ ያነሰ ስለሆነ ረጅም ጾም ለእርሱ አደገኛ ነው። ስለዚህ ቤተሰብን ስትመክሩ በግልጽ ለዩላቸው፦ የቡላ አጥሚት እንደ ቀላል ምግብ ተቆጥሮ ከሰመመን 6 ሰዓት በፊት ይቆማል፤ ወተት ያልገባበት ስኳር ያለው ሻይ ግን ሰመመን ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ የሚፈቀድ ንጹሕ ፈሳሽ ነው፣ ጨጓራው ይዘቱን ለማውጣት የሚዘገይ ታካሚ ካልሆነ በቀር።

በመጨረሻ ስሌቱን ተለማመዱ። የ5 በመቶ ግሉኮስ አንድ ሊትር 50 ግራም፣ የ40 በመቶ 20 ሚሊ ሊትር ደግሞ 8 ግራም ይይዛል። የ5 በመቶው ከረጢት ውስጥ እያለ ኦስሞቲክ ግፊቱ (ውሃ የመሳብ ኃይሉ) ለደም የቀረበ ነው፤ ደም ሥር ከገባ በኋላ ግን ሴሎች ግሉኮሱን ሲወስዱት የሚቀረው ውሃ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የፈሰሰ ደምን ለመተካት አይሰጥም፤ በተለይ ለሕፃን በብዛት ከተሰጠ ሶዲየምን አውርዶ አንጎልን ሊያሳብጥ ይችላል።