የድረ ገጽ ሥራ ድርጅት የሚከፍት ፕሮግራመር ከምን ይጀምር?

ጎበዝ ፕሮግራመር የራሱን ድርጅት ሲከፍት ገንዘቡ ከማለቁ በፊት ሰዓቱ ያልቅበታል። ቀኑን ሙሉ ኮድ ሲጽፍ ይውል የነበረ ሰው አሁን ስልክ ያነሳል፣ ዋጋ ያወጣል፣ ውል ያረቅቃል፣ ያልተከፈለ ሒሳብ ያሳድዳል። ስለዚህ አርማ ከማሠራትና ቢሮ ከመከራየት በፊት ሰዓት መቁጠር ይቀድማል።

ደረጃ 1፦ የሚሸጠውን ሰዓት ያስሉ

ዓመቱ 52 ሳምንት ነው፤ በሳምንት 5 ቀን ቢሠራ 260 ቀን ይሆናል። ለበዓል፣ ለዕረፍትና ለሕመም 30 ቀን ይቀንሱ፤ 230 ይቀራል። በቀን 8 ሰዓት ሲታሰብ 1,840 ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ ግን አይሸጥም። ደንበኛ ማፈላለጉ፣ ስብሰባው፣ የሒሳብ ሥራው፣ አዲስ ነገር መማሩ 40 በመቶውን ይበላል ብሎ መነሳት ለጀማሪ ደህና ግምት ነው። እንግዲህ ለደንበኛ የሚያስከፍሉት 1,100 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

ለራስዎ በዓመት የሚያስፈልግዎትን ገቢ፣ የድርጅቱን ወጪ፣ ግብሩንና መጠባበቂያውን ደምረው ለ1,100 ያካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር የአንድ ሰዓት ዝቅተኛ ዋጋዎ ነው፤ ከዚያ በታች የተሸጠ ሰዓት ኪሳራ ነው። ብዙ ጀማሪ የቀድሞ ደመወዙን በወር ለሚሠራበት ሰዓት ያካፍልና ያንኑ ያስከፍላል። ያልተሸጠውን ሰዓት ማንም ስለማይከፍልለት ሥራው ሞልቶ ኪሱ ባዶ ይሆናል።

ለደንበኛው የሚነገረው ግን ጥቅል ዋጋ ቢሆን ይሻላል። ሥራውን ከ8 ሰዓት በማይበልጡ ክፍሎች ይበትኑት፤ አንዱ ክፍል ከዚያ ከበለጠ ገና በደንብ አልታሰበበትም ማለት ነው። ከደመሩ በኋላ ላልታየው ነገር 30 በመቶ ይጨምሩበት። "የተጠቃሚ መግቢያ፣ 6 ሰዓት" ብሎ የሚገምት ሰው የተረሳ ፓስወርድ ማስመለሻውን ራሱ ይረሳዋል።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን ይጨርሱ

የንግድ ምዝገባና ግብር እንደየአገሩ ይለያያል፤ አንድ ሰዓት ከሒሳብ ባለሙያ ጋር መቀመጥ ሳምንት ሙሉ ከመገመት ይሻላል። የድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ከመጀመሪያው ቀን ከግል ሒሳብዎ ይለይ። ከ3 እስከ 6 ወር የሚያኖር ገንዘብ ሳይዙ ከሥራ አይልቀቁ። ገና ተቀጥረው እየሠሩ ከሆነ ደግሞ የቅጥር ውልዎን አውጥተው ያንብቡ፤ በሥራ ሰዓት ወይም በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር የጻፉት ኮድ የአሠሪው ንብረት ነው የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 3፦ የሚሸጡትን ያጥብቡ

"ማንኛውንም ድረ ገጽ እንሠራለን" የሚል ድርጅት እያንዳንዱን ሥራ ከዜሮ ይጀምራል። ለምሳሌ ቀጠሮ የሚይዙ ተቋማትን ብቻ የሚያገለግል ቢሆን፣ የቀን መቁጠሪያውና ማስታወሻ ላኪው ኮድ ለሁለተኛው ደንበኛ ከሞላ ጎደል ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሦስተኛው ሥራ ላይ ሲደርሱ ግምትዎም ይስተካከላል። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ከሚያውቁዎት ሰዎች መካከል ቢመጡ አይገርምም፤ ቅናሽ ካደረጉላቸውም በሒሳብ መጠየቂያው ላይ ሙሉውን ዋጋና የቀነሱትን ለይተው ይጻፉ። አለዚያ የሚልኩልዎት ሰው ሁሉ ቅናሹን እንደ መደበኛ ዋጋ ሰምቶ ይመጣል።

ደረጃ 4፦ ሳይፈራረሙ ኮድ አይጻፉ

በዚህ ሥራ ሰዓት የሚፈስበት ትልቁ ቀዳዳ "እግረ መንገድህን ይቺን ብቻ ጨምርልኝ" የምትል ጥያቄ ናት። መድኃኒቷ የሥራው ዝርዝር ነው። "ዘመናዊና ማራኪ ድረ ገጽ ይሠራል" የሚል ውል ምንም አይከለክልም። እንዲህ ቢጻፍ ግን ክርክር አይኖርም፦

"5 ገጾች፦ መነሻ፣ ስለ እኛ፣ አገልግሎት፣ ዜና፣ አድራሻ። ወደ አንድ ኢሜይል የሚልክ አንድ የመልእክት ቅጽ። ሁለት ዙር የዲዛይን ማስተካከያ። ጽሑፍና ፎቶ የሚያቀርበው ደንበኛው ነው። ከዚህ ውጭ ያለ ሥራ በጽሑፍ ተጠይቆ ለብቻው ዋጋ ይወጣለታል።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይዝለሉ። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ጥያቄ "እምቢ" ከማለት "እሺ፣ ዋጋውን እልክልዎታለሁ" ማለት ይቀላል፤ ግማሹ ጥያቄ እዚያው ይቀራል።

ክፍያውን በሦስት ይከፋፍሉት፦ ሲፈረም 40 በመቶ ቀብድ፣ ዲዛይኑ ሲጸድቅ 30፣ ቀሪው 30 ደግሞ ሥራው በሙከራ ሰርቨር (ድረ ገጹ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ላይ ታይቶ ወደ ደንበኛው ሰርቨር ከመዛወሩ በፊት። ከተዛወረ በኋላ የሚጠበቅ ክፍያ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የኮዱ ባለቤትነትም ሙሉ ክፍያ ሲጠናቀቅ ይተላለፋል ተብሎ ይጻፍ።

ሥራ የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ ያልመጣ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የማስረከቢያው ቀን የሚቆጠረው ጽሑፉና ፎቶው ከተረከቡበት ዕለት ጀምሮ መሆኑን፣ ደንበኛው በ10 የሥራ ቀን መልስ ካልሰጠም የቀረበለት ደረጃ እንደጸደቀ እንደሚቆጠር ይስማሙ።

ደረጃ 5፦ ዶሜይኑ በደንበኛው ስም ይመዝገብ

ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ የኢንተርኔት አድራሻ፣ በእርስዎ ስም መመዝገቡ ለጊዜው ያፈጥናል፤ ጠብ ሲመጣ ግን ድርጅትዎ የሰው ስም እንደያዘ ይቆጠራል። አንዲት ጥንቃቄ አለች፤ ለምዝገባው የሚሰጠው ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ አይሁን። ዶሜይኑ ጊዜው ሲያልፍበት ኢሜይሉም አብሮ ይሞታል፣ ማስጠንቀቂያውም ሆነ የፓስወርድ መቀየሪያው የሚላከው ወደ ሞተው ሳጥን ይሆናል።

ኮዱና መረጃው የት ይቀመጥ ለሚለው ብዙ ማለት አያስፈልግም፦ ኮዱ በጊት (የኮድ ለውጥን በሚመዘግብ ሶፍትዌር)፣ ፓስወርዱ በፓስወርድ ማስቀመጫ ሶፍትዌር፣ ባክአፑ በሦስት ቅጂ፣ ከሦስቱም አንዱ ከሰርቨሩ ውጭ ሌላ ቦታ። በየሦስት ወሩ አንዱን ባክአፕ ባዶ ሰርቨር ላይ መልሰው ይሞክሩት፤ ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

ደረጃ 6፦ ድረ ገጹ የሚከፈትበት ቀን

ከሳምንቱ መጨረሻ በፊት ባለው ቀን አይክፈቱ፤ የተበላሸ ነገር ቢኖር የሚያርመው ሰው አይገኝም። አንድ ቀን ቀደም ብለው የዲኤንኤሱን (ዶሜይኑ ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚመራ የሚናገረውን መዝገብ) ቲቲኤል፣ ማለትም የተመዘገበው አድራሻ በሌሎች ኮምፒውተሮች ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ ያድርጉት፤ ስህተት ቢገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቀድሞው ሰርቨር መመለስ ይቻላል።

እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚደርስ አደጋ አለ። የዶሜይኑን ኔምሰርቨር (የዲኤንኤስ መዝገቡ የሚገኝበትን ሰርቨር) ወደ አዲሱ ሆስቲንግ፣ ማለትም ሰርቨር አከራይ፣ ያዞሩታል፣ ድረ ገጹ አምሮ ይከፈታል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከሰዓት በኋላ ደንበኛው ይደውላል፦ "ከጠዋት ጀምሮ አንድም ኢሜይል አልገባልንም።" ምክንያቱ ኢሜይሉ የት እንደሚሄድ የሚናገረው የኤምኤክስ ሪከርድ በቀድሞው ኔምሰርቨር ላይ መቅረቱ ነው። ላኪው ሰርቨር ኤምኤክስ ሲያጣ ድረ ገጹ ወዳለበት ሰርቨር ይሞክራል፤ እዚያ ኢሜይል ተቀባይ ከሌለ መልእክቱ ለላኪው ይመለሳል። ስለዚህ ከማዞርዎ በፊት የኤምኤክስንና የቲኤክስቲን (ለኢሜይል ማረጋገጫ ጭምር የሚያገለግለውን የጽሑፍ ሪከርድ) ጨምሮ ሁሉንም ሪከርድ አንድ በአንድ ይገልብጡ።

ከዚያ እነዚህን ይፈትሹ፦

- ሲሠራ ሳለ የፍለጋ ሞተሮችን ለመከልከል የገባው የኖኢንዴክስ ምልክት ተነስቷል? በዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ምልክት የሚደረግባት አንዲት ሳጥን ናት፤ ሳትነሳ ከቀረች ድረ ገጹ ጉግል ላይ አይገኝም።
- የድሮዎቹ ገጾች አድራሻ በ301 (በቋሚ ማዞሪያ) ወደ አዲሶቹ ይመራል?
- የመልእክት ቅጹ የላከው ኢሜይል ደርሷል? ወደ አላስፈላጊ ሳጥን ገብቶ ሊሆን ይችላል።
- የድረ ገጹን ግንኙነት የሚያመሰጥረው ሰርተፊኬት ራሱን ያድሳል? ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ሰርተፊኬት ሰጪ በነፃ የሚሰጠው በተለምዶ 90 ቀን ያገለግላል፤ ማደሻው ካልተሰናዳ በአራተኛው ወር ጎብኚው የማስጠንቀቂያ ገጽ ይጠብቀዋል።

ደረጃ 7፦ ከርክክቡ በኋላ

ለ30 ቀን ስህተትን በነፃ ማረም ተገቢ ነው፤ ስህተት ማለት በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ነገር እንደተጻፈው አለመሥራቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን በወርኃዊ የጥገና ውል ይያዙት፦ ፕለጊን (በድረ ገጹ ላይ የሚጨመር ቅጥያ ሶፍትዌር) ማደስ፣ ባክአፕ፣ 2 ሰዓት አነስተኛ ለውጥ። ያልተጠቀሙበት ሰዓት ወደ ቀጣዩ ወር እንደማይዞር ይጻፍ፤ አለዚያ በዓመቱ መጨረሻ 24 ሰዓት በአንድ ጊዜ ይጠየቃሉ።

ሰው የመቅጠር ሐሳብ ሲመጣ ወደ መጀመሪያው ስሌት ይመለሱ። 1,100 ሰዓት ለ12 ሲካፈል በወር 92 ገደማ ነው። የሸጡት ሰዓት ለሦስት ተከታታይ ወራት ከዚያ ካለፈና ቢያንስ ሁለት የጥገና ውል ከያዙ ጊዜው ደርሷል። መጀመሪያ የሚቀጠረው ግን ሁለተኛ ፕሮግራመር ላይሆን ይችላል፤ ለጥቂት ሰዓት እየመጣ ሒሳቡን የሚሠራና ክፍያ የሚከታተል ሰው የእርስዎን የሚሸጥ ሰዓት ቶሎ ያስለቅቃል።