የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ጥርስ እንዴት እናሳክም?

መጀመሪያ በሽታውን አትደብቁ። እኛ ወሎ ውስጥ «ሰው ይሰማብኛል» ብሎ ካርድ ክፍል ላይ ዝም የሚል ወላጅ ሞልቷል። ጎረቤት ባይሰማ እሺ። መርፌ የያዘው ሐኪም ግን መስማት አለበት።

አብሽሩ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅም ጥርሱ ይሞላል፣ ይነቀላል፣ ይታጠባል። የማደንዘዣ መርፌውም በልኩ ከተሰጠው ብዙ አያሰጋም። ጣጣው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመርፌው በፊት ካለው ነገር ነው፤ ካልተዋጠ ክኒን፣ ካልተተኛ ሌሊትና ከባዶ ሆድ።

ከመሄዳችሁ በፊት መድኃኒቱን ከነካርቶኑ ያዙ። «ነጭ ክኒን ነው» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። ፌኒቶይን የሚወስድ ልጅ ድዱ አድጎ ጥርሱን ሊሸፍን ይችላል፤ ቫልፕሮየት ከሆነ ደግሞ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ሊቀንስና መድማት ሊያበዛ ስለሚችል፣ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የደም ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን በራስ ማቆም ግን አይደረግም! በድንገት ሲቋረጥ ነው የማያባራ መንዘፍዘፍ የሚመጣው።

በብጣሽ ወረቀትም ጻፉ፦ ለመጨረሻ ጊዜ የጣለው መቼ ነው፣ ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ ሲጀምረው ምን ያሳያል (ዓይኑ ይፈጣል? አፉን ያላምጣል?)። ሰሞኑን ደጋግሞ እየጣለው ከሆነ መጀመሪያ ክትትል የሚያደርግበት ሐኪም ይየው። ፊቱ ካበጠ ወይም መግል ካለ ግን ጥርሱም አይቆይም።

ቀጠሮው ጠዋት ይሁን፣ መድኃኒቱን ከዋጠና ቁርስ ከበላ በኋላ። የገጠር ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ከወገል ጤና ወይም ከአማራ ሳይንት ደሴ ለመድረስ ልጁን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቀስቅሶ፣ ሳይበላ መኪና ላይ መጫን፣ ክኒኑን «ስንደርስ ይውጣል» ብሎ መርሳት... ያንን ልጅ ጥርስ ሐኪሙ ሳይነካው መንገዱ ሊጥለው ይችላል። ከቻላችሁ በዋዜማው ግቡና ዘመድ ቤት እደሩ። የሚጾም ልጅ ከሆነ፣ ረመዳንም ሆነ ፍልሰታ፣ የሚያስቸኩል ነገር ከሌለ ከጾሙ ውጪ ቀጠሮ ያዙ። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት የሚሠራ ከሆነ ስለ ምግቡም ስለ ጠዋቱ ክኒንም የሚነግሯችሁን ብቻ አድርጉ።

ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ የሚጥል በሽታ እንዳለበት በቃላችሁም ድገሙት፤ ካርድ ላይ ተጽፏል ብላችሁ አትተውት። መብራቱ አፉ ላይ እንጂ ዓይኑ ላይ እንዳያርፍ ጠይቁ፤ ጥቁር መነጽርም ይረዳል። እናንተም አጠገቡ ቁጭ በሉ።

ወንበሩ ላይ ከጣለውስ? ሐኪሙ ዕቃውን ከአፉ ያወጣል፣ ወንበሩን ዝቅ ያደርጋል፣ ልጁም በጎኑ ይደረጋል። የእናንተ ሥራ ሰዓት ማየት ነው። አትጨብጡት፣ ማንኪያም ጣትም አፉ ውስጥ አትክተቱ። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይጠቅመውም፤ ጢሱ ትንፋሹን ከማስቸገር አያልፍም። 5 ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ ከደገመው አስቸኳይ ሕክምና ነው። ሲነቃ ተኝቶ ይረፍ፣ ቀሪው ሥራ ለሌላ ቀን ይሁን።

ቤት ስትገቡ ከንፈሩ እስኪነቃ አታብሉት፣ ሳያውቀው ይነክሰዋል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይበቃል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ከትልቅ ሰው የተረፈ ትራማዶልማ ጭራሽ፣ እሱ ራሱ ሊጥለው ይችላል። ፀረ ባክቴሪያ ሲታዘዝ የሚወስደውን መድኃኒት ለፋርማሲውም ንገሩ፤ ኤሪትሮማይሲን ለምሳሌ የካርባማዜፒንን (አንዱ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው) መጠን ደሙ ውስጥ ከፍ ያደርገዋል።

የቤቱ ሥራ ብዙም አይደለም። በፍሎራይድ ሳሙና ጠዋትና ማታ፣ በተለይ ማታ፣ ቦርሹለት፤ 7 ወይም 8 ዓመት እስኪሞላው እጁን ብቻ አትመኑ። ሽሮፕ የሚወስድ ከሆነ ስኳር ስላለው ከዋጠ በኋላ አፉን በውኃ ያጉመጥምጥ። የወይራ መፋቂያም ደግ ነው፣ ብሩሹን ግን አይተካም።

አንድ ቀን ሲወድቅ የፊት ጥርሱ ቢወልቅ፣ ቋሚው ጥርስ ከሆነ ሥሩን ሳትነኩ በነጩ በኩል ያዙት። ገና ካልነቃ መልሳችሁ አትክተቱት፣ ሊያንቀው ይችላል። ብርጭቆ ወተት ውስጥ ጨምራችሁ ወዲያው ሩጡ፤ ከ1 ሰዓት በታች ከደረሳችሁ የመዳን ዕድሉ ጥሩ ነው። የወተት ጥርስ ከሆነ አይመለስም። ጥርሱ ጨርሶ ከጠፋ ግን ወደ ሳንባው ገብቶ እንዳይሆን ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩትና ራጅ ይነሣ።