ለአንድ ሳምንት የጣና ጉዞ ስንቅ እንዴት እንደማዘጋጅ

ባለቤቴ ሞተሩን ይይዛል፣ እኔ ስንቁን። ባሕር ዳር ላይ ይህን ሥራ ከጀመርን አሥራ ስድስት ዓመት ሆነን። ጀልባችን ሰባት ሜትር የምትረዝም ክፍት ጀልባ ናት፤ ከፀሐይ የሚከልላት አንድ ሸራ ብቻ ነው። ገዳማቱን የሚሳለሙ ምእመናንን፣ የሐይቁን አሳና ወፍ የሚያጠኑ ሰዎችን፣ አንዳንዴም ልጆቹን ይዞ ጣናን ዞሮ ማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ይዘን እንወጣለን። በዘጌ አድርገን፣ ደቅ ላይ አድረን፣ ጎርጎራ ደርሰን ስንመለስ ስድስት ወይም ሰባት ቀን ይፈጃል። የመንገዱን ሰላም ጠይቀው፣ የራሳቸውን ጀልባ ተከራይተው መውጣት የሚፈልጉ ሰዎች ምን እንያዝ እያሉ ስለሚጠይቁኝ የማደርገውን እንዳለ ልጻፈው።

ጣና 84 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ 66 ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ጠዋት ረግቶ ያያችሁት ሐይቅ ከቀትር በኋላ ትንሽ ጀልባ አያሳልፍም፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጠዋቱም ቢሆን አይረጋም። ስለዚህ ስንቅ የምቆጥረው ለመንገዱ ሳይሆን ነፋስ ለሚያስቀረን ቀን ነው። ሰባት ቀን ከተባለ ለዘጠኝ ቀን አዘጋጃለሁ።

ሁለቱ ትርፍ ቀናት ከሌላው ጋር አይቀላቀሉም። ይህን የተማርኩት በሦስተኛው ዓመታችን ነው። ያን ጊዜም ትርፍ ይዤ ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ጆንያ ስለነበር እንግዶቼ ሲመገቡ ደስ እያለኝ ጨምሬ ጨምሬ አቀረብኩ። በምዕራቡ ዳርቻ ነፋስ ሁለት ቀን ሲያስቀረን በሁለተኛው ቀን የነበረኝ ቆሎና ጥቂት ስኳር ብቻ ነበር። ከእንግዶቹ መካከል አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። ፊቷን እያየሁ ቆሎ ሳካፍላት የተሰማኝ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ከዚያ ወዲህ የትርፉን ስንቅ በወፍራም ከረጢት አድርጌ አፉን በጆንያ መርፌና በሲባጎ እሰፋዋለሁ። ሦስት ኪሎ በሶ፣ ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ኪሎ ሽሮ፣ ግማሽ ኪሎ ቋንጣ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሻይ ቅጠል፣ ሁለት ፓኬት ክብሪት በላስቲክ ተጠቅልሎ። ለአራት ሰው ይህ ለሁለት ቀን ይበቃል፤ ቢጨንቅ ሦስተኛውንም ይገፋል። ቋጠሮ በጨለማ ይፈታል፤ የተሰፋ ከረጢት ግን ሲባጎው ካልተቆረጠ አይከፈትም፣ ሲቆረጥም ሁሉ ሰው ያያል።

አሁን ወደ ውሃ። ሐይቅ ላይ ሆኖ ውሃ መጫን ለብዙ ሰው ግራ ይሆንበታል፤ የጣና ውሃ ግን እንዳለ አይጠጣም። ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር እይዛለሁ፤ ሦስቱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለድስት። ሁለት እንግዶችና እኛ ባልና ሚስት ስንሆን በቀን 16 ሊትር ይሆናል። ለዘጠኝ ቀን 144 ሊትር ማለት ነው፤ ይህን ሁሉ መጫን ሁለት ሰው ከነጓዙ እንደመጨመር ነው። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት ብቻ እንይዛለን። አራቱ ለአምስት ቀን ይበቃሉ። አምስተኛው ልክ እንደተሰፋው ከረጢት አይነካም፤ ክዳኑ ላይ ጨርቅ አስሬ ምልክት አደርግበታለሁ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ የሐይቁን ውሃ አጣርተን እንጠቀማለን።

ሲቀዳ ከመሀል ይቀዳ። ዳርቻው ቢልሃርዝያ ስላለበት ለመቅዳት ተብሎ እግር አይነከርም፤ ወንዝ ከሚገባበትና እምቦጭ ከተኛበት አካባቢም ራቁ። ውሃው በተለይ ከክረምት በኋላ ደፍራሻ ነው፤ በባልዲ አሳድሬ፣ ከላይ ያለውን ብቻ አራት እጥፍ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጠልላለሁ። ከዚያ አፈላዋለሁ። ከተንተከተከ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ እኔ ሦስት ደቂቃ አቆየዋለሁ። ከሰል ሲያጥር ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ እጨምርበታለሁ፤ መጠኑ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ነው፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። መጠበቁ ላይ ሰው ትዕግሥት የለውም፤ እኔ ባለበት ግን ማንም ቀድሞ አይጠጣም። ሳህንና ድስት በሐይቁ ውሃ ይታጠባል፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ የፈላ ውሃ ይሁን።

ጀሪካን ስትገዙ ምን እንደነበረበት አጥብቃችሁ ጠይቁ። አንድ ጊዜ ከገበያ የገዛሁት ጀሪካን ቤንዚን ይዞ የነበረ ኖሯል። በሳሙና ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ አሽትቼ፣ ሞልቼ ጫንኩት። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ሲመታው ሽታው ከላስቲኩ ውስጥ ወጣ፤ ለሻይ ከፍቼ ስቀዳ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ሃያ ሊትር ውሃ ደፋሁ። አሁን ለውሃ ነጭ ጀሪካን ብቻ፣ ለቤንዚን ቢጫ ብቻ፤ ቤንዚኑ ከሞተሩ አጠገብ ወደ ኋላ፣ ምግቡ ከመሀል ወደ ፊት ይቀመጣል። ዱቄት ሽታ ይስባልና በሶና ሽሮ ከቤንዚን አጠገብ አንድ ሌሊት አይደሩ።

የምግቡ ነገር በሚበላሽበት ቅደም ተከተል ይታሰባል። መጀመሪያ የሚበላው ቀድሞ የሚበላሸው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የእንጀራ ናቸው። ለአንድ ሰው በቀን ሦስት፣ በጠቅላላው 36 እንጀራ እጋግራለሁ። ከምጣድ የወጣ እንጀራ ትኩሱን ከተደራረበ ያልበዋል፤ ያላበው ደግሞ በባሕር ዳር ሙቀት በማግሥቱ ይሻግታል። አንድ በአንድ ሰፌድ ላይ አቀዘቅዘዋለሁ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አገልግል ውስጥ አኖረዋለሁ። ላስቲክ ምቹ ይመስላል፤ እንጀራ ግን ላስቲክ ውስጥ ይታፈናል። ቆዳ የለበሰ አገልግል ሙቀቱንም ርጭቱንም ይከላከላል፤ እናቶቻችን ለመንገድ የሠሩት ዕቃ ለጀልባም የተሠራ ይመስለኛል። ቲማቲም ገና አረንጓዴ ሳለ ይገዛል። ድፎ ዳቦ እስከ አራተኛው ቀን ይቆያል።

ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ድርቆሽ ነው። ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ 30 ያህል እንጀራ ቆራርጬ ጣራ ላይ አሰጣለሁ። ድርቆሽ ደረቀ የሚባለው በጣት ሲሰበር ቀጭ ሲል ነው፤ ከታጠፈ ገና ነው፣ ይሻግታል።

ድርቆሹን ምግብ የሚያደርገው ግን ቁሌቱ ነው። ከመነሳታችን በፊት በነበረው ሌሊት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት አድቅቄ ያለ ዘይት በድስት አቁላላለሁ፤ ውሃው ጨርሶ ሲጠፋና ሽንኩርቱ ሲቀላ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል። ጠብ የምትል ውሃ አልጨምርበትም። ማቁላላቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ ቀይ መስተዋት ሲመስል ይወርዳል። የመስታወት ማሰሮ አፍልቼ፣ አድርቄ እሞላዋለሁ። እንዲህ የተሠራ ቁሌት በደረቅ ማንኪያ ብቻ እስከተነካ ድረስ ሳምንቱን ያደርሰኛል። ምሽት ላይ ደሴት ስንደርስ፣ ሰው በደከመበት ሰዓት፣ ሁለት ማንኪያ ቁሌት በፈላ ውሃ በጥብጬ ድርቆሽ ስፈረፍርበት ከአሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሽሮም በዚያው ይሠራል፣ ምስርም በዚያው።

ጥራጥሬ ስትመርጡ ከፍታውን አስቡ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ያልተከካ ባቄላና ሽምብራ ማብሰል ከሰል መፍጀት ነው። እኔ ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ ሁለት ኪሎ ምስር ክክ፣ ሁለት ኪሎ የፎገራ ሩዝ እይዛለሁ። ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ሽንኩርትና ሎሚ ሳምንቱን ሙሉ አይበላሹም። እንቁላል ሳይታጠብ በጤፍ ጭድ መሀል ይቀመጣል፤ ከመሰበሩ በፊት ውሃ ውስጥ ይከተታል፣ የተንሳፈፈው ይጣላል።

ቁርስና የቀትር ረሃብ የበሶ ነው። ጀልባ ስትወዛወዝ እሳት አይነድም፤ ያን ጊዜ ያለ እሳት የሚያጠግብ እህል በሶ ነው። በጎድጓዳ ሳህን አንድ እፍኝ በሶ ለአንድ ሰው፣ ጨው፣ ጫፍ ያህል በርበሬ፤ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ጠብ እያለ በጣቶች ጫፍ ይታሻል። መጀመሪያ ይበተናል፣ ቀጥሎ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ በድንገት እጅን ይለቃል፤ ያኔ አቁሙ። ከዚያ በኋላ የጨመራችሁት ውሃ ሊጥ ያደርገዋል። በሶ ስለማይበስል ውሃው የግድ የጠራና የታከመ መሆን አለበት። ለሰባቱ ቀን ከተሰፋው ሌላ ሦስት ኪሎ በቂ ነው።

የጾሙን ቀን ከጉዞው ቀን ጋር አስቀድማችሁ አስተያዩ። ረቡዕና ዓርብ በየትኛውም ሳምንት ይመጣሉ፤ ገዳም የሚሳለም እንግዳ ደግሞ በፍስክ የተነካ ማንኪያ ቢቀርብለት ያዝናል፣ ልክም ነው። የጾምና የፍስክ ድስት፣ ማንኪያና ቁሌት ለየብቻ እይዛለሁ፤ ንጥር ቅቤና ቋንጣ በአንድ ቦርሳ፣ ከሌላው ርቆ።

አሳውን በስንቅ አትቁጠሩት። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ አሳ አጥማጆች ስናገኝ ቀረሶ እንገዛለን፤ ወዲያው ተጠርጎ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ በዚያው ቀን ይጠበሳል። ነገር ግን እኛን ያስቀረ ነፋስ እነርሱንም ያስቀራል፤ አሳ በሚያስፈልጋችሁ ቀን አሳ አይኖርም። ደቅ ላይ እንቁላል ወይም ዶሮ ቢገኝ እሰየው፣ ጎርጎራም ገበያ አለ፤ ከባሕር ዳር ስትነሱ ግን ሁለቱንም እንደሌሉ ቁጠሯቸው።

ለመጠጥ ሻይና ቡና ይበቃል። ቡናውን ቤት ቆልቼ ወቅጬ እይዛለሁ፤ ዘጌ ላይ የአካባቢው ሰዎች እንደሚሉት የዘጌን ቡና ቀምሶ ሌላ መያዝ አይሆንልኝምና እዚያው ጥሬውን ለቤት እገዛለሁ። ጀበናው በብርድ ልብስ ይጠቀለል። ጠላ አትጫኑ። ያልበሰለ ጠላ በተዘጋ ጀሪካን ውስጥ መፍላቱን አይተውም፤ አንድ እንግዳ ይዞት የመጣው አንዱ ቀትር ላይ ተነፍቶ ክዳኑን ወርውሮ አገልግሉን ከነእንጀራው አራሰው። ከዚህም በላይ ሞተር የያዘ ሰው እንዲጠጣ አልፈቅድም። የሐይቅ ፀሐይ ራሱን ላዞረው ሰው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ለጥ ተደርገው፣ በጥብጣችሁ ቀስ በቀስ አጠጡት።

ጭነቱ እንዲህ ነው። የጀልባዋ ወለል ሁልጊዜ ውሃ ይይዛል፤ ስለዚህ ከሥር የእንጨት ርብራብ አነጥፋለሁ። ጀሪካኖቹ መሀል ላይ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። የተሰፋው ከረጢት ከሁሉ በታች፣ ድርቆሹ በላዩ፣ አገልግሉ ከላይ። ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ምግብ አይቀመጥም፤ የማዕበሉ ርጭት መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ምግብ የምናበስለው ወርደን ነው፤ ቤንዚን ባለባት ጀልባ ላይ ከሰል ማንደድ ሞትን መጥራት ነው። ከሰሉን ከቤት እንይዛለን፤ የገዳማቱን ዛፍ ለማገዶ አንነካም። ላስቲክና ቆርቆሮውን ደግሞ በባዶ ጆንያ ይዘን እንመለሳለን።

በጉዞው መሀል አንድ ጊዜ ቆጠራ ያስፈልጋል። እኔ ጊዜዬን ዳጋ እስጢፋኖስ ሰጥቶኛል። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ወንዶቹ ሽቅብ ሲወጡ እኔ ከጀልባዋ አልወርድም። ከሥር ሆኜ እሳለምና ሸራውን ገልጬ እቆጥራለሁ፤ ስንት ጀሪካን ቀረ፣ ድርቆሹ እስከ የትኛው ቀን ያደርሳል፣ ከሰሉ ስንት ምግብ ያበስላል። ያለቀው ካመዘነ የዚያኑ ምሽት እራቱን አሳንሳለሁ፣ ምክንያቱንም ለእንግዶቼ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። እስካሁን የተቆጣ የለም።

ባሕር ዳር ስንገባ የተሰፋው ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ እንደተሰፋ ይመለሳል። ቤት ገብቼ ሲባጎውን እቆርጣለሁ፤ በሶውን ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ አስመታለሁ፣ ዳቦ ቆሎውን ልጆቼ ይበሉታል፣ ቋንጣውን ለቤት ምግብ አውለዋለሁ። ለሚቀጥለው ጉዞ ከአዲስ እሞላና እንደገና እሰፋለሁ።